አክሰስ ፖይንት ኃይል ሲያንሰው፦ ከስዊቹ እስከ ጣሪያው ደረጃ በደረጃ እንፈትሽ

ዋይፋይ ተንቀራፈፈ ሲባል አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንነካካው ቻናሉን ነው። ቀጥሎ ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ እንደውላለን። ጣሪያ ላይ የተሰቀለው አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ፣ በቂ ኤሌክትሪክ እየደረሰው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመጣለት የኔትወርክ ኬብሎቹ ከሚሰኩበት ስዊች፣ በዚያው ዳታ በሚያልፍበት ኬብል ነው፤ ይህ አሠራር ፒኦኢ ይባላል። መብራቱ በርቷል። የኔትወርኩ ስም ስልክ ላይ ይታያል። ታዲያ ኃይል እንዴት ይጎድለዋል?

ይጎድለዋል። ችግሩን ለማግኘት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ኃይል ያነሰው አክሰስ ፖይንት ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም። አንዱን ሬዲዮ ዘግቶ፣ ማሰራጫ ጉልበቱን ቀንሶ፣ አራት የነበረውን የአንቴና መስመር ሁለት አድርጎ ይቀጥላል። ሲታይ ደህና ነው፤ የሚሠራው ግን ግማሹን ነው።

እኔ ራሴ አንድ ቢሮ ውስጥ ከሰዓት በኋላ እየጠበቀ ሪስታርት ከሚያደርግ አክሰስ ፖይንት ጋር አንድ ሳምንት ታግያለሁ። ቻናል ቀየርኩ። ፈርምዌሩን፣ ማለትም የዕቃውን የውስጥ ሶፍትዌር፣ አደስኩ። በመጨረሻ ዕቃውን አውርጄ አዲስ ሰቀልኩ። አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። ጥፋቱ ግድግዳ ውስጥ ያለው ኬብል ነበር። ጠዋት ሰው ሲያንስ በኬብሉ የሚያልፈው ኃይል ይበቃል፤ ስብሰባ ሲጀመርና ሁሉም ላፕቶፑን ሲከፍት ግን አይበቃም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞገዱ ከማሰቤ በፊት ዋቱን አያለሁ። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ብዙ ድካም ይቀርላችኋል።

ምልክቶቹ

እነዚህ ሲታዩ ኃይሉን ጠርጥሩ፦

- አክሰስ ፖይንቱ ሰው ሲበዛ ሪስታርት ያደርጋል፣ ሌሊት ግን ጸጥ ይላል። ሬዲዮ ብዙ ዳታ ሲልክ ብዙ ኃይል ይበላል።
- ተነስቶ ሊጨርስ ሲል ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ሬዲዮዎቹ የሚበሩበት ቅጽበት ላይ ነው የሚወድቀው።
- የ6 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ወይም ከሬዲዮዎቹ አንዱ ዝርዝር ውስጥ የለም።
- የዩኤስቢ ቀዳዳው ወይም ሁለተኛው የኢተርኔት ፖርት አይሠራም።
- ፍጥነቱ ከጎኑ ካለው ተመሳሳይ አክሰስ ፖይንት በግልጽ ያንሳል።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንተዋወቅ

ብዙ ስህተት የሚመጣው ከአንድ ነገር ነው። በእያንዳንዱ የፒኦኢ ስታንዳርድ ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ፤ ከስዊቹ የሚወጣውና አክሰስ ፖይንቱ ጋ የሚደርሰው። በመካከል ያለው ልዩነት ኬብሉ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ ከስዊቹ ፖርት (ኬብሉ ከሚሰካበት ቀዳዳ) እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። ዳር ላይ ሊደርስ ዋስትና ያለው ግን 12.95 ዋት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው 802.3ኤቲ፣ ሳጥን ላይ ፒኦኢ ፕላስ ተብሎ የሚጻፈው፣ 30 ዋት ይሰጣል፤ 25.5 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ 802.3ቢቲ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 60 ዋት ሰጥቶ 51 ያደርሳል፤ ሌላው 90 ሰጥቶ 71.3 ያደርሳል። ሁለቱም ገበያ ላይ ፒኦኢ ፕላስ ፕላስ ሊባሉ ስለሚችሉ በስሙ አትመኑ፤ ዋቱን አንብቡ።

አሁን የአክሰስ ፖይንታችሁን ዳታሺት (የአምራቹን የመረጃ ወረቀት) አውጡና «ከፍተኛ የኃይል ፍጆታ» የሚለውን ፈልጉ። 14 ዋት ይላል እንበል። 15.4 ዋት የሚሰጥ ፖርት ይበቃዋል? አይበቃውም። ማወዳደር ያለባችሁ ከ12.95 ጋር ነው። ይህ ወጥመድ ልምድ ያለውን ሰው ሳይቀር ይይዛል። ሦስት ሬዲዮ ካላቸው አዳዲስ አክሰስ ፖይንቶች መካከል ደግሞ ሁሉንም ሥራ ለመሥራት ከ25.5 ዋት በላይ የሚጠይቁ አሉ። እነዚህ ፒኦኢ ፕላስ ፖርት ላይ ይነሳሉ፣ ይሠራሉ፣ ግን ሙሉ አይሆኑም። ጥሩ ዳታሺት በየትኛው ኃይል ምን እንደሚዘጋ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ያንን ገጽ በደንብ አንብቡት፤ ግማሽ መልሱ እዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ፍተሻው። መሰላል ሳይወጣ የሚሠራውን አስቀድመናል።

ደረጃ 1፦ አክሰስ ፖይንቱን ራሱን ጠይቁት

ወደ መቆጣጠሪያ ገጹ ግቡ። በብዙዎቹ ላይ የተቀበለውን የኃይል ዓይነት የሚናገር መስመር አለ። «ሙሉ ኃይል»፣ «ዝቅተኛ ኃይል» ወይም የስታንዳርዱን ስም ይላል። ዝቅተኛ ካለ ጥርጣሬው አበቃ፤ የቀረው የት እንደጎደለ መፈለግ ነው። ሎጉንም (የክስተት መዝገቡን) ተመልከቱ። ሪስታርቱ የተመዘገበው በኃይል መቋረጥ ነው ወይስ በሶፍትዌር ብልሽት? ሶፍትዌር ከሆነ ይህ መመሪያ የእናንተን ችግር አይፈታም።

ደረጃ 2፦ የስዊቹን ፖርት አንብቡ

ስዊቹ የሚተዳደር ከሆነ፣ ማለትም የራሱ መቆጣጠሪያ ካለው፣ ለእያንዳንዱ ፖርት ክላሱን (የተሰካው ዕቃ የሚጠይቀውን የኃይል ደረጃ)፣ የፈቀደውን ዋትና በዚያች ቅጽበት እየሄደ ያለውን ዋት ያሳያል። በሲስኮ ስዊች ላይ ሾው ፓወር ኢንላይን የሚለው ትዕዛዝ ክላሱንና የተፈቀደውን ዋት በሠንጠረዥ ያወጣል። በሌሎች ደግሞ የፒኦኢ ገጹ ላይ ታገኙታላችሁ።

የተፈቀደው 15.4 ሆኖ አክሰስ ፖይንቱ ክላስ 4 ከሆነ፣ ማለትም 30 ዋት ጠያቂ ከሆነ፣ ጉድለቱ ስዊቹና አክሰስ ፖይንቱ ስለ ዋቱ በሚያደርጉት ስምምነት ላይ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። ፖርቱ ኃይል ተከልክሏል የሚል ከሆነ ስዊቹ ለሁሉም ፖርት የሚያካፍለው ጠቅላላ የዋት በጀት አልቋል፤ ወደ ደረጃ 4። የተፈቀደው በቂ ሆኖ ኦቨርሎድ ወይም ከልክ ያለፈ ከረንት የሚል መልእክት ከበዛ ኬብሉን ጠርጥሩ፤ ደረጃ 5ና 6 ለእናንተ ናቸው።

ስዊቹ የማይተዳደር ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች አታገኙም። በመሃል የሚሰካ የፒኦኢ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። አነስተኛ ዕቃ ነው፤ ቮልቱንና ዋቱን መስመሩ እየሠራ ሳለ ያሳያል። ኔትወርክ የሚዘረጋ ሰው ቦርሳው ውስጥ ቢኖረው ደስ ይለኛል።

ደረጃ 3፦ ድርድሩ ተሳክቷል?

ስዊች ኃይል የሚለቀው ዝም ብሎ አይደለም። መጀመሪያ ትንሽ ቮልት ልኮ መስመሩ ጫፍ ላይ 25 ኪሎ ኦም አካባቢ የሚሆን መለያ ይፈልጋል። ካገኘ «ይህ ኃይል የሚቀበል ዕቃ ነው» ይላል። ቀጥሎ ክላሱን ያነባል። ከዚያ ነው 50 ቮልት አካባቢ የሚለቀው።

ችግር የሚፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንድ ስዊቾች ክላስ 4 ዕቃ ቢያገኙም መጀመሪያ 15.4 ዋት ብቻ ይሰጣሉ። ተጨማሪውን የሚለቁት አክሰስ ፖይንቱ ከተነሳ በኋላ ኤልኤልዲፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ሲጠይቃቸው ነው። በዚህ ፕሮቶኮል ዋቱን በ0.1 ልዩነት ሳይቀር መደራደር ይቻላል። ኤልኤልዲፒ ስዊቹ ላይ ተዘግቶ ከሆነ ግን አክሰስ ፖይንቱ ይጠይቃል፣ የሚሰማው የለም። በዝቅተኛ ኃይል እንደተቀመጠ ይቀራል። ለጥንቃቄ ተብሎ ኤልኤልዲፒ በሁሉም ፖርት ላይ የተዘጋበት ኔትወርክ ብዙ ነው። ስለዚህ፦

ሀ. ኤልኤልዲፒን ቢያንስ አክሰስ ፖይንት በተሰካባቸው ፖርቶች ላይ ክፈቱ። አክሰስ ፖይንቱ ላይም መከፈቱን አረጋግጡ።

ለ. ፖርቱ ላይ ሰው ያስቀመጠው የዋት ጣሪያ እንዳለ እዩ። ድሮ ለስልክ ተብሎ 7 ወይም 15.4 ዋት የተገደበ ፖርት ላይ አዲስ አክሰስ ፖይንት ሲሰካ ገደቡን የሚያስታውስ አይኖርም።

ሐ. ፖርቱን ከመቆጣጠሪያው ዘግታችሁ ክፈቱት። ድርድሩ ከዜሮ ይጀምራል። ክላሱና ዋቱ ተቀይሮ እንደሆነ ተመልከቱ።

መ. የስዊቹን ፈርምዌር ለውጥ ዝርዝር አንብቡ። ፒኦኢን የሚመለከት ማስተካከያ ካለ አድሱ።

አንድ ማሳሰቢያ። ፓሲቭ ፒኦኢ የሚባል ድርድር የማያውቅ አሠራር አለ። ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነው፤ መለያ ሳይፈልግ በቀጥታ ይለቃል። ስታንዳርዱን የሚከተል አክሰስ ፖይንት በዚህ አይነሳም። ለዚህ ያልተሠራ ዕቃ ላይ ስትሰኩት ደግሞ ሊያቃጥለው ይችላል። ከድሮ ዕቃ ጋር የመጣ ኢንጀክተር (በስዊቹና በአክሰስ ፖይንቱ መሃል ገብቶ ኬብሉ ላይ ኃይል የሚጨምር ሳጥን) ስታነሱ ጀርባው ላይ ያለውን ቮልት ሳታነቡ አትሰኩ።

ደረጃ 4፦ በጀቱን ደምሩ

24 ፖርት ያለው ፒኦኢ ፕላስ ስዊች ገዛችሁ። ጠቅላላ የፒኦኢ በጀቱ 370 ዋት ነው። እያንዳንዱ ፖርት 30 ዋት መስጠት ይችላል። ሁሉም በአንድ ላይ ግን አይችሉም። 370 ለ30 ሲካፈል 12 ፖርት ነው። አሥራ ሦስተኛው አክሰስ ፖይንት ሲሰካ የቀረው 10 ዋት ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው የአቆጣጠሩ መንገድ ነው። አንዳንድ ስዊች በክላስ ይይዛል። አክሰስ ፖይንቱ በተግባር 14 ዋት ቢበላም 30 ዋት ተይዞለታል። ስለዚህ በጀቱ በወረቀት ያልቃል፤ በተግባር ግን ግማሹ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሌላው ስዊች በትክክለኛው ፍጆታ ይቆጥራል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ እወቁ። በክላስ ከሆነ ኤልኤልዲፒን መክፈት ወይም ለፖርቱ ዳታሺቱ ላይ ያለውን ከፍተኛ ፍጆታ ከኬብሉ ኪሳራ ጋር ደምሮ በእጅ መመደብ ብዙ ዋት ይመልስላችኋል።

ጠቅላላው ቁጥርም ራሱ ዳታሺቱ ከሚለው ጋር መግጠሙን እዩ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ስዊች አንዱ ሲሞትበት ሥራውን ይቀጥላል፤ የፒኦኢ በጀቱ ግን ሊቀንስ ይችላል። ማንም ሳያስተውል ወራት ያልፋሉ።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ቅድሚያ ስጡ። ብዙ ስዊቾች ለፖርት ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና ወሳኝ የሚል ደረጃ አላቸው። ሁሉም ከፋብሪካ ሲመጣ እኩል ከሆነ ኃይል ሲጠብ ማን እንደሚወድቅ እናንተ አልወሰናችሁም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አክሰስ ፖይንት ወሳኝ አድርጉት።

ደረጃ 5፦ የአጭር ኬብሉ ፈተና

ምንም ዓይነት ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አክሰስ ፖይንቱን አውርዱት። ስዊቹ አጠገብ አምጡት። ጥሩ እንደሆነ በምታውቁት 2 ሜትር ኬብል እዚያው ፖርት ላይ ሰኩት።

ሙሉ ኃይል ካገኘና በሥራ ጫና ውስጥ ካልወደቀ፣ ስዊቹም አክሰስ ፖይንቱም ነጻ ናቸው። ጥፋቱ መንገዱ ላይ ነው። አሁንም ካነሰው ሌላ ፖርት ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላ አክሰስ ፖይንት። ሌላኛው እዚያው ፖርት ላይ ደህና ከሆነ የታመመው አክሰስ ፖይንቱ ነው።

ጫና ማለት ባዶውን ተነሳ ማለት አይደለም። ሦስት አራት ላፕቶፕ አገናኙ። ትልልቅ ፋይል አሳልፉበት። የስዊቹን የዋት ንባብ እያያችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩ።

ሲነቀልም ሲሰካም አንድ ልማድ ያዙ። ኃይል እየሄደበት ያለን ኬብል ከመንቀላችሁ በፊት ፖርቱን ከስዊቹ ላይ ዝጉት። በጭነት ውስጥ ሲነቀል የምትፈጠረው ትንሽ ብልጭታ የመሰኪያውን ንክኪ ትበላዋለች። አንድ ጊዜ ቢሆን ግድ የለም፤ ሲደጋገም ግን ራሱ የኃይል ማነስ ምክንያት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ኬብሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ነገሩን የሚያስረዳው እሱ ነው። በፒኦኢ ፕላስ ስዊቹ ቢያንስ 50 ቮልት ይልካል። እስከ 0.6 አምፒር ይሄዳል። ስታንዳርዱ ለመስመሩ የሚፈቅደው ከፍተኛ ተቃውሞ 12.5 ኦም ነው። 0.6 በ12.5 ሲባዛ 7.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። የሚደርሰው 42.5 ቮልት ነው። 42.5 በ0.6 ሲባዛ 25.5 ዋት። ከላይ ያየነው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ኬብሉ 18 ኦም ሆነ እንበል። 10.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 39.2 ይደርሳል። ይህ ከሚፈለገው በታች ነው። አክሰስ ፖይንቱ ደግሞ ሥራው እስካልቀነሰ ድረስ የሚያስፈልገው ዋት አይቀንስም። ቮልቱ ሲወርድበት ከረንቱን ጨምሮ ይስባል። ከረንቱ ሲጨምር መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ይበዛል። በመጨረሻ ስዊቹ ከረንቱ ከልክ አለፈ ብሎ ፖርቱን ይቆርጣል። ሎጉ ላይ የሚታየው የኦቨርሎድ መልእክት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አክሰስ ፖይንቱ ከሚገባው በላይ በልቶ አይደለም፤ ኬብሉ አላሳልፍ ብሎት ነው።

ተቃውሞውን የሚያበዙት እነዚህ ናቸው።

ሲሲኤ ኬብል። ላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ለመለየት የአንዷን ሽቦ ላይ በምላጭ ፋቁ። ውስጧ ነጭ ከሆነ ሲሲኤ ነው። ካርቶኑ ሲነሳ ይቀላል፤ ሽቦዋ ሁለት ሦስቴ ስትታጠፍ ትሰበራለች። እኔን ሳምንት ሙሉ ያንገላታኝ ይኸው ነበር። ለፒኦኢ ሙሉ መዳብ ያልሆነ ኬብል አትዘርጉ። በዚህ ላይ መካከለኛ አቋም የለኝም።

ርዝመት። የኬብሉ ገደብ 100 ሜትር ሲባል ፓች ኮርዶቹን፣ ማለትም በሁለቱ ጫፍ ያሉትን አጫጭር ማገናኛ ኬብሎች፣ ጨምሮ ነው።

ቀጭን ፓች ኮርድ። ኬብሉ ላይ 24፣ 26 ወይም 28 ኤደብልዩጂ ተጽፎ ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲበዛ ሽቦው ይቀጥናል። ራክ (የስዊቹ መደርደሪያ) ውስጥ ቆንጆ የሚመስለው ቀጭኑ ኮርድ አጭር ከሆነ ይሠራል፤ ረጅም መስመር ላይ ሲጨመር ግን ይጎዳል።

መጋጠሚያ። በደንብ ያልተጨመቀ አርጄ 45 (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ)፣ የዛገ ንክኪ፣ ፓች ፓናል (የግድግዳ ኬብሎቹ ራክ ውስጥ የሚያልቁበት ሰሌዳ) ላይ የላላ ሽቦ። የሁለቱንም ጫፍ ራስ ቆርጦ እንደገና መሥራት ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ከአዲስ ኬብል በፊት ሞክሩት።

ሙቀት። ብዙ ኃይል ተሸካሚ ኬብሎች በአንድ እስር ጥብቅ ብለው ሲታሰሩ መካከል ያሉት ይሞቃሉ። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል።

በስምንት መብራት የሚፈትሸው ቀላል ቴስተር እዚህ አይረዳችሁም። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው የሚያየው። ሲሲኤም ሆነ የላላ ንክኪ ስምንቱንም መብራት ያበራል። ተቃውሞ የሚለካ መሣሪያ ወይም በጭነት ውስጥ የሚለካ የፒኦኢ ቴስተር ያስፈልጋል። ካልተገኘ መሬት ላይ ጊዜያዊ የመዳብ ኬብል ዘርግታችሁ አወዳድሩ።

ነጻ ፍንጭም አለ። የሊንኩን ፍጥነት እዩ። 1000 ሜጋቢት መሆን ያለበት 100 ከሆነ ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የተበጠሰው ኃይል ከሚሸከሙት አንዱ ከሆነ ሁለቱም ችግር ምንጫቸው አንድ ነው።

ደረጃ 7፦ ስዊቹ የማይችል ሆኖ ከተገኘ

ስዊቹን በሙሉ መቀየር ግድ አይደለም። ለአንድ ወይም ለሁለት አክሰስ ፖይንት ኢንጀክተር ይበቃል። ዳታሺቱ በሚጠይቀው ስታንዳርድ ልክ ምረጡ። ጊጋቢት ማሳለፉን አረጋግጡ፤ አክሰስ ፖይንቱ ከዚያ በላይ ፍጥነት ካለው ኢንጀክተሩም እንዲሁ መሆን አለበት። የስዊቹን ፖርት ፒኦኢ ዝጉ። ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ ከሆነ ኢንጀክተሩም እዚያው ይሰካ፤ አለዚያ መብራት ሲጠፋ ስዊቹ እየሠራ ዋይፋዩ ይሞታል። አንዳንድ አክሰስ ፖይንት በኢንጀክተር ሲሆን ድርድር ስለማያገኝ ኃይሉ ሙሉ መሆኑን በሴቲንጉ ውስጥ ልትነግሩት ይገባል። ይህን ረስቶ ኢንጀክተሩን የሚጥል አይቻለሁ።

የራሱ አዳፕተር ቀዳዳ ካለውም በሱ ማስነሳት ይቻላል። ቮልቱ አምራቹ ካዘዘው ጋር ይግጠም።

ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ጭነቱን ቀንሱ። ዩኤስቢውን ዝጉ። ሁለተኛውን የኢተርኔት ፖርት ዝጉ። ማንም የማይጠቀምበት ሬዲዮ ካለ ዝጉት። የሚዘጋውን እናንተ ብትመርጡ አክሰስ ፖይንቱ በራሱ ከሚመርጥ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ መስተካከሉን ማረጋገጥ

አክሰስ ፖይንቱ «ሙሉ ኃይል» ማለቱን እዩ። ሁሉም ሬዲዮ መነሳቱን እዩ። የጫናውን ፈተና በትክክለኛው ቦታው ላይ እንደተሰቀለ ድገሙት። ከዚያ ሰው በሌለበት ሰዓት ስዊቹን ራሱን አጥፍታችሁ አስነሱ። ከኃይል መቋረጥ በኋላ ሁሉም አክሰስ ፖይንቶች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ ድርድር ከመጀመሩ በፊትም በክላስ የሚቆጥር ስዊች ለእያንዳንዱ ሙሉውን ይይዛል። በሥራ ቀን የማይታይ የበጀት ጉድለት በዚህች ደቂቃ ይወጣል። አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። ሁሉም ከተመለሱ የእያንዳንዱን ፖርት ቁጥር፣ ክላስና በጫና ወቅት ያነበባችሁትን ዋት ጽፋችሁ ራኩ በር ላይ ለጥፉት።